የአባቴ ጆሮ በጎረቤት ቤት

ይህ ነገር የደረሰው አምና፣ ከሻርጃ በተመለስሁ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ነገር መቁጠር ልማዴ ስለሆነ ቀኑን አልስተውም። በሰው ፊት ጮኼ የተናገርሁት በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን በመሆኑ ደግሞ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሻርጃ አራት ዓመት ከሰባት ወር ኖሬያለሁ። ሥራዬ የአንድ ትልቅ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ጥገና ነበር። ሙያውን ከትምህርት ቤት አላገኘሁትም፤ ባሕር ዳር እያለሁ የተበላሸ ራዲዮ እየፈታሁ፣ መልሼ እየገጠምሁ የለመድሁት ነው። እዚያም አመሌ አልለቀቀኝም። አርብ አርብ ጓደኞቼ ሲተኙ እኔ አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ገበያ እሄድና ባትሪው ያበጠ ስልክ ወይም የሞተ ታብሌት ይዤ እመለስ ነበር። በክፍላችን ስምንት ሰው እናድራለን፤ ለአንድ አልጋ የሚደርሰው አንድ ሶኬት ነው። መበየጃዬን ለመሰካት ስልኬን መንቀል ነበረብኝ። ጭሱ የሚረብሻቸው ልጆች "ይቤ፣ ደግሞ ልታቃጥለን ነው?" ይሉኛል። ስሜ ይበልጣል ነው፤ ይቤ ነው የሚሉኝ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ስልኩ ነበር። እዚያ አገር በመልእክት መላኪያዎቹ ጽሑፍና የተቀዳ ድምፅ ይሄዳል እንጂ የኢንተርኔት ጥሪ አይሠራም። ስለዚህ ከቤተሰቤ ጋር የምንገናኘው ድምፅ እየቀዳን በመላክ ነበር። ኋላ ለመጣው ነገር አንዱ ምክንያት ይኸ ነው።

አባቴ አላምረው ጣና ላይ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞተር ጀልባ ነድቷል። መቀመጫው ከሞተሩ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። ጀልባውን ሲያቆም ጆሮው ቀድሞት ቆሞ ነበር። ሰው ሲያናግረው አፍ አፉን አይቶ ፈገግ ይልና ራሱን ይነቀንቃል።

ይህን ለማስተካከል ወሰንሁ። ከቀጭን እስከ ወፍራም አሥር ድምፆች ቀድቼ ለእህቴ ለብርቱካን ላክሁላት። አባባ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ይቀመጣል፤ ድምፅ ሲሰማ ጣቱን ያነሣል፤ እሷ ደብተር ላይ ታሰፍራለች። ሦስት ቀን ሦስት ጊዜ አስደገምኋት። ሦስቱም ውጤት ሲገጥምልኝ ነው ያመንሁት። ከዚያ ሰባት ወር ትርፍ ሰዓት ሠርቼ አዲስ የመስሚያ መሣሪያ ገዛሁለት። ሁለት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ባቄላ ቢያክሉ ነው። ያለ ሽቦ ከስልክ ጋር ይገናኛሉ፤ አንዴ የለመዱት ስልክ ሲቀርባቸው ራሳቸው ያገኙታል። አባባ የማይሰማቸውን ድምፆች ከፍ፣ የሚሰማቸውን ዝቅ አድርጌ በሱ ጆሮ ልክ አስተካከልኋቸው። ስልኬ ላይም ስም አወጣሁላቸው፤ አንዱን "አባባ ቀኝ"፣ ሌላውን "አባባ ግራ" አልሁት።

አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሲገኝ ዕቃ ማስያዝ የሁላችንም ልማድ ነው። የሚሄደው ሙሉቀን ነበር። ሙሉቀን ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ባለችው በዘንዘልማ ጎረቤታችን ነው፤ ቤታቸው ከኛ ሦስት ቤት ያልፋል። ሻርጃም አብረን ነበርን። ጠቅልሎ መግባቱ ስለነበር ሳጥኑን በእጁ ሰጠሁት።

ከሳምንት በኋላ "ለአባባ በእጅህ ሰጠኸው?" ብዬ ጻፍሁለት። በድምፅ መለሰልኝ።

"ይቤ፣ ወንድሜ፣ ምን ማለትህ ነው! እናቴ ትሙት፣ በገዛ እጄ ነው ጆሯቸው ላይ ያደረግሁላቸው። እዚያው ሰሙ። አለቀሱ፤ መረቁህ። ብዋሽህ እናቴን ይንሳኝ።"

መልእክቱ ሃያ ሦስት ሰከንድ ነው። አባባም በብርቱካን ስልክ "ልጄ፣ ይሰማኛል። እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ላከልኝ። የአባባን ድምፅ ከመኝታዬ በፊት ስንት ቀን እንደሰማሁት አልናገርም።

ከአንድ ዓመት ከሁለት ወር በኋላ እኔም ተመለስሁ። አባባ እስከ በሩ ወጥቶ ተቀበለኝ። ግራ እግሩን ይጎትታል። "እግርህን ምን ሆንህ?" አልሁት። አፌን አየ፤ ፈገግ አለ። "አዎ፣ አዎ፣ ዝናቡ ዘንድሮ ደግ ነበር" አለኝ።

ጆሮው ላይ ያለውን አየሁ። እኔ የላክሁት አልነበረም። አውራ ጣት የሚያክል፣ እንደ ሽንብራ ዱቄት የገረጣ፣ ሲያበሩት እንደሚፈላ ውኃ ከመንሿሿት በቀር ሥራ የሌለው ርካሽ ማጉያ ነው። ፈትቼ አየሁት፤ ውስጡ የመጫወቻ ራዲዮ ያህል እንኳ ነገር የለውም።

እግሩን የሰበረው ባጃጅ ነው አለችኝ ብርቱካን። ከኋላው ጡሩንባ እየነፋ መጣ፤ እሱ አልሰማም።

"ታዲያ መሣሪያው እንደማይሠራ ለምን አልነገርሽኝም?"

"እሱ ነዋ የከለከለኝ! 'ልጄ ስንት ቀን ደክሞ የገዛውን አይረባም ብዬ ቅስሙን ልስበረው?' አለኝ። ሰው ሲመጣ ያደርገዋል፤ ሰው ሲሄድ ያወልቀዋል።"

አባቴን አውቀዋለሁ። ጨው የበዛበትን ወጥ "ግሩም ነው" ብሎ አሟጦ የሚበላ ሰው ነው። ሙሉቀንም ያውቀዋል። የሰረቀው መሣሪያውን ብቻ አይደለም፤ የአባቴን ይሉኝታ ቆጥሮበት ነው የሰረቀው።

በማግሥቱ ፔዳ ወደሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አካባቢ ሄድሁ። ሙሉቀን እዚያ ለተማሪዎች ስልክ የሚጠግንበት ሱቅ ከፍቷል። ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት።

"ይኸ እኔ የሰጠሁህ አይደለም" አልሁት።

"ምን አልህ? አንተ ሰውዬ ዛሬም ድምፅህ አልወጣም!" ብሎ ሳቀ። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁለት ተማሪዎችም ሳቁ።

ደገምሁለት።

"የሰጠኸኝን ነው የሰጠሁ። ዕቃ ያረጃላ፣ ይቤ። ደግሞ ቴክኖሎጂ ለነሱ ዕድሜ አይሆንም። የኔንስ እናት አታውቃትም? አትሰማም፣ ዝም ብላ ትኖራለች።"

ማስረጃ አልነበረኝም። ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ፈትቼ የማስበው እሱን ብቻ ሆነ። ሱቁን በሌሊት ብሰብረው፣ ደንበኞቹን ባስኮበልልበት፣ አንገቱን ባንቀው እያልሁ ዘጠኝ ቀን አሳለፍሁ። መሣሪያውን ሸጦት ይሆናል ብዬ የባሕር ዳርን የስልክ ሱቆች አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ያየው የለም።

በአሥራ አንደኛው ቀን የማርያም ማኅበር ነበር። በየወሩ ሃያ አንድ በየተራ ይደገሳል፤ አባባ ከድሮ ጀምሮ አባል ነው። የዚያ ወር ተራ የእማማ የሺ ሆነ። እማማ የሺ የሙሉቀን እናት ናቸው። ልቀር ነበር፤ አባባ ግን እግሩን ስለሚያመው ደግፌው ሄድሁ።

ከበሩ ላይ "እንዴት ዋሉ፣ እማማ" አልሁ። ድምፄ ጆሮ ላለው ሰው እንኳ አይበቃም። እሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ዳቦ እየቆረሱ ሳለ፣ ሳይዞሩ፣ "ይቤ ነህ? እግዚአብሔር ይመስገን! እንኳን ለአገርህ አበቃህ" አሉኝ።

ሻርጃ ከመሄዴ በፊት እማማ የሺ በር ሲደበደብ የማይሰሙ ሴት ነበሩ።

ተቀመጥሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ነዘረ። አውጥቼ አየሁት። "አባባ ቀኝ ተገናኝቷል።" ከሥሩም "አባባ ግራ ተገናኝቷል።" የቀኙ ባትሪ ስድሳ ሁለት፣ የግራው ሃምሳ ዘጠኝ ይላል።

አባባ አጠገቤ ተቀምጧል። ያን የማይረባ ማጉያ ቤት ትቶታል፤ ጆሮው ባዶ ነው። እማማ የሺን አየኋቸው። ሻሻቸው ጆሯቸውን ሸፍኖታል።

መሣሪያው ከስልክ ጋር እንደሚገናኝ ለሙሉቀን አልነገርሁትም ነበር፤ አልጠየቀኝማ። መመሪያው ግን ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ስልክ ጠጋኝ ነኝ የሚል ሰው መመሪያ አላነበበም። ይህን ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ቄሱ ጸሎት አድርሰው ጨረሱ። ተነሥቼ "ሌባ!" ልል አሰብሁ፤ ማን ይሰማኛል? ሙሉቀን ጠላ እየቀዳ ዞረና አባባ ዘንድ ደረሰ። ጎንበስ ብሎ በጆሮው ጮኸ።

"ጋሽ አላምረው! ይቤ የላከልዎት መሣሪያስ? ዛሬ ረሱት እንዴ?"

ሰው ሳቀ። አባባም ምን እንደተባለ ሳያውቅ አብሮ ሳቀና "ግሩም ነው፣ ግሩም ነው" አለ። ሙሉቀን እኔን በጎን አይቶ ዓይኑን ጠቀሰኝ።

ያን ጊዜ ስልኬን ከጉልበቴ ላይ አደረግሁ። የሙሉቀንን የሃያ ሦስት ሰከንድ መልእክት አወጣሁ። ድምፁ በስልኩ እንዳይወጣ፣ በ"አባባ ቀኝ" እና በ"አባባ ግራ" በኩል ብቻ እንዲሄድ አደረግሁ። መጠኑን አርባ ላይ አቆምሁት፤ አሮጊቷን ማስደንገጥ አልፈለግሁም። ተጫንሁት።

እማማ የሺ ቁራሽ ዳቦ ወደ አፋቸው እየወሰዱ ነበር። እጃቸው መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሙሉቀን አፉን ዘግቶ ጠላ ይቀዳል። ድምፁ ግን በጆሯቸው ውስጥ በእናቱ ሞት ይምላል። በቤቱ ሞልተን ከተቀመጥነው ሁሉ የሚሰሙት እሳቸው ብቻ ናቸው።

አለቀ። እንደገና ተጫንሁት።

"ሙሉቀን" አሉ።

"አቤት፣ እማዬ።"

"በኔ ሞት የማልኸው ስለ ምንድን ነው?"

"ኧረ እኔ ምንም አልተናገርሁም!"

"'እናቴ ትሙት፣ በገዛ እጄ ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸው' አልህ። ምኑን ነው ያደረግህላቸው? ለማን?"

ሙሉቀን መጀመሪያ እናቱን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ጉልበቴ ላይ ያለውን ስልክ አየ። ገባው። ጠላው ከብርጭቆው አልፎ በሰው ጉልበት ላይ ይፈስ ነበር።

"አርጅቻለሁ እንጂ አልጃጀሁም" አሉ እማማ የሺ። እጃቸውን በሻሻቸው ሥር ሰደዱና የቀኙን አወጡ። የግራውንም አወጡ። በመዳፋቸው ይዘው ለሰው አሳዩ። "ለኔ ብሎ ከዓረብ አገር ያመጣልኝ ነው፤ እንደዚያ ነው ያለኝ። ይኸ የማን ነው?"

"የአባቴ ነው፣ እማማ" አልሁ።

አልሰሙኝም። አውልቀውታል። "የማን ነው?" አሉ ደግመው፤ ዓይናቸው ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል።

ተነሣሁ። ከየት እንደመጣ በማላውቀው ድምፅ "የአባቴ ነው!" ብዬ ጮኽሁ። መንገድ ላይ የነበሩ ሰዎች በበሩ ብቅ ብለው አዩ።

እማማ የሺ መጥተው አባባ ፊት ቆሙ። መዳፋቸውን ዘረጉለት። እሱ የሚሉትን አልሰማም፤ ሰው ሲሰጠው እንደ ወትሮው በሁለት እጁ ተቀበለ። ጠርጌ ጆሮው ውስጥ አደረግሁለት። ዙሪያውን አየ። አንድ ሰው አይተነፍስም።

"ምነው ዝም አላችሁሳ?" አለ አባባ።

ሙሉቀን በጓሮ በር ወጥቶ ሄዷል።

አሁን አባባ በደንብ ይሰማል። ጠዋት ወደ ሐይቁ ይወርድና የጀልባ ሞተር ድምፅ ሰምቶ "ይኸ ዘይት አንሶታል" እያለ ይፈርዳል። ሙሉቀንን ይቅር ብሎታል። እኔ አላልሁትም። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ልኮብኛል፤ ሁለት ጊዜም መልሻለሁ። አባባ በእግሩ እያነከሰ ሽማግሌዎቹን እስከ በሩ ሲሸኝ ሳይ ደግሞ ሦስተኛም ቢመጡ እንደምመልሳቸው አውቃለሁ።

ሽማግሌ በመመለሴ አልጸጸትም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እማማ የሺ መልእክቱን መጀመሪያ ሳሰማቸው ገብቷቸው ነበር። ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። ሁለተኛ ጊዜ የተጫንሁት ደስ ስላለኝ ነው።

ይህን ዕዳ ለመክፈል ብዬ አንድ ያገለገለ መሣሪያ አግኝቼ አደስሁ። አሥሩን የመለኪያ ድምፆች ይዤ ሄጄ "በእርስዎ ጆሮ ልክ ላስተካክልልዎ፤ ያኛው በአባባ ልክ የተሠራ ስለነበር ሳያፏጭብዎት አልቀረም" ብዬ ጽፌ በብርቱካን አስነበብሁላቸው። እሷ በጆሯቸው ጮኻ ስታነብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ተወው፣ ይቤ" አሉኝ። "የምሰማውን ሰምቻለሁ።"

መሣሪያው ቤት ተቀምጧል፤ ባትሪውን በየሳምንቱ እሞላዋለሁ። በደጃቸው ባለፍሁ ቁጥር ጮኼ ነው ሰላም የምላቸው። አንዳንዴ ይሰሙኛል። ሙሉቀን ከውስጥ ካለ ደግሞ እሱም እንደሚሰማኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ትንሽ ጨምሬ እጮኻለሁ።