ጋሼ ወልዴ የመረጠልኝ መንፊያ

ሙቀት የነካው ጎማ ሲሸተኝ፣ ሆሳዕና የነበረው የልጅነት ቤታችን ይታወሰኛል።

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ወልዴ አዲስ አበባ ከሙዚቀኞች ጋር ክላርኔት ይነፋ ነበር። አንድ ክረምት፣ ዝናቡ የጓሯችንን የእንሰት ቅጠል ሲደበድብ፣ ከስቶና እያሳለ፣ ክላርኔቱን በነጠላ ጠቅልሎ በበቅሎ መጣ። ለመንፋት ትንፋሽ ባይተርፈውም፣ በየቀኑ አውጥቶ ይወለውለው ነበር፤ እኔም ከአጠገቡ አልጠፋም ነበር።

መስከረም ሲጠባ ሊያስተምረኝ ቆረጠ።

«ሳልሄድ አንድ ዜማ ካንቺ ልስማ» አለኝ።

ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅኩትም። ዓይን አፋር ነበርኩ፤ ደግሞም የገባኝ ይመስለኛል።

ከክላርኔቱ ጫፍ እየተሰኩ በከንፈር የሚያዙ ሁለት ጥቁር የጠንካራ ጎማ መንፊያዎች ነበሩት። እኔ የእርሱ ጥርስ ምልክት ያለበትን አነሣሁ። ሳቀና ሁለቱንም ወደ በሩ ብርሃን አስጠግቶ፣ ከመንፊያው ጋር በሚታሰረው ስስ የሸምበቆ ምላስና በመንፊያው ጫፍ መካከል ያለውን ክፍተት አሳየኝ።

«ይሄ የኔው ሰፊ ነው፣ ትንፋሽሽን ይበላዋል። ጀማሪ ጠባቡን ነው የሚይዝ፤ በትንሽ ትንፋሽ ይናገርልሻል።»

ጠባቡን ይዤ ነፋሁ።

«አስካልዬ፣ ጉንጭሽን! እንቁራሪት መሰልሽ እኮ!»

በጥቅምት ሦስት ድምፅ ማውጣት ቻልኩ፤ የጎረቤት ልጆች ከአጥሩ ሥር ቆመው በሀዲይኛ እየተሳሳቁ ያዳምጡኝ ነበር። ሲያቅተኝ ጋሼ ወልዴ ተቀብሎኝ፣ በቀረችው ትንፋሽ ነፍቶ ያሳየኝና ይመልስልኝ ነበር። አንድ ቀን እናቴ ከገበያ ስትገባ፣ መንፊያው ከእርሱ አፍ ወደ እኔ አፍ ሲያልፍ አየች።

«ወልዴ! እሷንም ልትወስድብኝ ነው?»

እርሱ አንገቱን ደፋ። እናቴ መንፊያውን ነቅላ ከሚፈላ ውሃ ውስጥ ጨመረችው። «ልከለክላችሁ አይደለም፤ ሳሉን ላጥብላት ብዬ ነው» አለች።

ሲወጣ ጥቁረቱ ለቆ፣ ጫፉ ተጣሞ ነበር። ምላሱ አልገጥም አለው፤ ብነፋ፣ ብነፋ፣ አየር ብቻ ሆነ። ጋሼ ወልዴ ወደ ብርሃኑ አንሥቶ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ግድ የለም፣ እማዬ» አላት። «ንጹሕ ሆኗል።»

በሰፊው ልሞክር ብዬ ለመንኩት። እናታችንን አየና፣ «አይሆንሽም» ብሎ የራሱን መንፊያ በነጠላው ጠቀለለው። ጸሐፊ የነበረው አባቴ ሌላ ጠባብ እንዲላክልን ለጋሼ ወልዴ የአዲስ አበባ ጓደኞች ጻፈ፤ እኔም በኅዳር ሙሉ፣ ከአዲሎ በኩል የአዲስ አበባ ዕቃ ይዞ የሚመጣውን ነጋዴ ሁሉ ከደጅ ቆሜ እጠብቅ ነበር። መንፊያው ግን አልመጣም። ጋሼ ወልዴ የጠየቀኝን ዜማ ሳይሰማ በታኅሣሥ አረፈ።

ለብዙ ዓመታት እናቴን በልቤ ከሰስኳት። እርሷም ታውቅ ነበር፤ ግን አንድ ቀን እንኳ አላነሣነውም።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ባለፈው ሰሞን የምታስል ዘመዴ ልጄን ልትስም እጇን ስትዘረጋ፣ ሳላስበው ልጄን ወደ ቀሚሴ ሳብኩት። ዘመዴ እጇን ቀስ አድርጋ ሰበሰበች። እናቴ መንፊያውን ከሚፈላ ውሃ ውስጥ የጨመረችበት ፍርሃት ያኔ ገባኝ፤ ልጄን እንዳቀፍኩ ለዘመዴ ወንበር ሳብኩላት።