ስሟን ከአርባ ሦስት ገጽ የፋቀችው ዋንዳ

ዋንዳ ክሌይፑል ሦስት ጊዜ ቤት ቀይራለች። ሦስቱንም ጊዜ ያስለቀቃት አከራይ አይደለም፤ የቀድሞ ባሏ ሮይስ ነው። ኬንታኪ እያለች ትከሻዋን ሰብሮባት ጥላው ከወጣች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሁለተኛው ቤቷ ድረስ መጥቶ በሯ ላይ ቆሞ ያላትን ዛሬም አትረሳውም፦ «አንቺን ለማግኘት የፈጀብኝ የአንድ ሳንድዊች ዋጋ ነው።»

ውሸቱን አይደለም። እኛ አገር የመንግሥት መዝገብ ለሁሉም ክፍት ነው። ከዚያ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥር፣ የዘመድ ስም ሳይቀር ለቃቅመው በኢንተርኔት ገጽ ላይ የሚቸረችሩ ሞልተዋል።

እኔ ዶሪን እባላለሁ፤ ኢንዲያና ውስጥ ፌርሌይ በምትባል ትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ዋንዳ ደግሞ የከተማችን የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ናት። አራት ዓመት አብራን ስትኖር ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስታወራ የሰማ የለም፤ ቤቷን የሚያውቅ ግን ጥቂት ሰው ነበር።

ነገሩ የጀመረው በሌስተር ቀልድ ነው። ሌስተር እንደሷው ሹፌር ነው፤ አፉ አያርፍም። አንድ ጠዋት ጋራዥ ውስጥ ስልኩ ላይ ስሟን ጻፈና፣ «ኧረ ጉድ! ሃምሳ ስምንት ዓመትሽ ነው? እኛ እኮ ሰባ ነበር ያልንሽ!» ብሎ ሰውን አሳቀ። ዋንዳም ስቃ ስልኩን ተቀበለችው። ከዕድሜዋ ሥር የአሁኑ ቤቷ ቁጥር ተጽፏል።

የሥራ ሰደርያዋን እንኳ ሳታወልቅ እኔ ዘንድ መጣች።

«ዶሪን፣ ከዚህ ማሽን ውስጥ አውጪኝ።»

«ምን አደረገሽ?»

«ቤቴን አሳበቀብኝ።»

ቁጭ ብለን ፈለግን። አንድ ገጽ መስሎን ነበር፤ አርባ ሦስት ሆነው ተገኙ። እያንዳንዳቸው «ስሜ ይሰረዝልኝ» ማመልከቻ አላቸው፤ እሱንም የሚደብቁት ከገጹ ግርጌ፣ ዓይን በማያየው ጥቃቅን ፊደል ነው። አንደኛው ጭራሽ የመንጃ ፈቃዷን ፎቶ ላኪ አለ።

«ቆይ፣ ስሜን እንዲፍቁልኝ ያላወቁትን ልጨምርላቸው?»

«ማንነትሽን ለማረጋገጥ ነው ይላሉ።»

«ሌባ የሰረቀውን ለመመለስ የሣጥን ቁልፍ አምጪ ይላል እንዴ?» አለችና ከቦርሳዋ መንጃ ፈቃዷንና የቁስል ፕላስተር አውጥታ ፎቶዋና ቁጥሩ ላይ ለጠፈች። «በቃ፣ ስሜን ይዩ። የቀረውን አመመው በያቸው!»

ተቀበሏት። እኔም ደስ አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ግን ከፋቅናቸው ገጾች ሰባቱ ላይ ስሟ ተመልሶ በቀለ።

«ዋንዳ፣ ይሄ እኮ አረም ነው፤ አያልቅም» አልኳት።

እሷ ግን ከሥራዋ የተማረችው ነገር ነበራት። የተማሪ አውቶቡስ ሹፌር ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሞተር ሳያንቀሳቅስ፣ መኪናውን አንድ ዙር ዞሮ ጎማውን፣ መብራቱን፣ ፍሬኑን፣ የአደጋ መውጫ በሩን በቅደም ተከተል ይፈትሻል። ትናንት ደህና ነበር ብሎ ማለፍ የለም። «ዛሬ ፍሬኑ ያዘልኝ ብዬ ነገ ላልፈትሸው ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ተማሪዎቹን አድርሳ እስክትመልስ ባለው ጊዜ፣ አርባ ሦስቱን ገጾች በተራ ትዞራቸው ጀመር። የበቀለውን ትነቅላለች፤ እምቢ ያላትን በደብዳቤ ትነዘንዛለች። የበረዶው ወራት ሲወጣ የቤቷ ቁጥር የትም አልነበረም።

በግንቦት እናቷ ኬንታኪ ውስጥ ሞቱ። እዚያ ሰው ሲሞት ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ልጆቹ በሙሉ ከሚኖሩበት ከተማ ጋር ይዘረዘራሉ። ስሙ የቀረ ልጅ ካለ አገሩ ሁሉ «ተረግሞ ነው» ይላል። እህቷ ኦፓል ደወለች።

«እህቴ፣ ለደኅንነትሽ ስምሽን ልተወው?»

«ከአርባ ሦስት ቦታ ስሜን ፍቄያለሁ፣ ኦፓል። ከእናቴ ልጆች መሀል ግን የሚፍቀኝ አልተወለደም! ስሜን ጻፊ፣ ከተማውን ተይው።»

ኦፓል እሺ አለች። ግን ሐዘን አፍዟታል። የቀብር አስፈጻሚው ቅጹን እየሞላ፣ «ዋንዳ የት ነበር የምትኖረው?» ሲላት፣ ሳታስበው «ፌርሌይ፣ ኢንዲያና» ብላ መለሰች። በማግስቱ ጋዜጣው ወጣ።

«ገደልኩሽ! በእጄ ገደልኩሽ!» እያለች ኦፓል በስልክ አለቀሰች።

«አልሞትኩም፤ እያነጋገርኩሽ ነው እኮ» አለቻት ዋንዳ። ኢንተርኔቱ ላይ ያለው በቀትር ተስተካከለ፤ የታተመው ግን ከየቤቱ ደርሷል።

ኦፓል አትምጪ አለቻት። እኔም ቤት ለቀሽ እኔ ጋ ግቢ ብዬ ለመንኳት። «አራተኛ ጊዜ አልነሣም፤ እናቴንም ሳልቀብር አልቀርም» አለች። ለፌርሌይ ፖሊስ ነገሩን አስታወቀችና ወደ ኬንታኪ ወጣን፤ ሌስተር እየነዳ፣ እኔ ከኋላ።

ከቀብር በፊት በሚደረገው ስንብት ላይ ቤተሰቡ አዳራሽ ውስጥ ሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ተደርድሮ ይቆማል፤ ለቅሶ ደራሹ በሰልፍ እያለፈ ይጨብጣል። ማንም ይምጣ ማን አይመለስም፤ ደንቡ ነው። ዋንዳ ከተደረደሩት መጀመሪያ ላይ ቆማለች። ሮይስ በሰልፉ መጣ። ሸብቷል፤ ክራቫት አስሯል። ሌስተር ሊነሣ ሲል በዓይኗ አስቀመጠችው።

ሮይስ እጁን ዘረጋ። አልጨበጠችውም።

«ፌርሌይ ነሽ አሉ» አላት ድምጹን ዝቅ አድርጎ። «ከተማውን አገኘሁት። ቤቱን ነው ያጣሁት።»

ዋንዳ ድምጿን አልቀነሰችም፤ አዳራሹ በሙሉ ሰማት።

«አታገኘውም! እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ደግሞ ቢወጣ ደግሜ አጠፋዋለሁ። ከተማውን ካወቅህ ና፤ ፖሊሱ ስምህን ያውቀዋል፣ መልክህንም አሳይቼዋለሁ። ከዚያ ግን አልንቀሳቀስም። ሰማህ ሮይስ? እኔ መሄዴን ጨርሻለሁ። አሁን የምትሄደው አንተ ነህ።»

ሮይስ የተዘረጋ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ከኋላው ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ነበሩ፤ የእናቷ ጎረቤት። በምርኩዙ ጫፍ ተረከዙን ነካ አደረጉት።

«አንተ ሰውዬ፣ ቆሜ ልሙት እንዴ? ሰልፍ አትዝጋ!»

ሮይስ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ዋንዳ የአሮጊቷን እጅ በሁለት እጇ ተቀበለች። ያኔ ነው ስለ እናቷ ማልቀስ የጀመረችው።