የሰኮሩ እርግዝና

በደርግ ጊዜ ጅማ ውስጥ ታይፒስት ሳለሁ፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ «ያለኝ ይበቃኛል፤ ተመስገን» እል ነበር። ሰኞ ቢሮ ስገባ ደግሞ አንዷ ባልደረባዬ ባለመስታወት ቡፌ መግዛቷን እሰማና ምስጋናዬ እስከሚቀጥለው እሁድ ይቋረጣል። ቡፌ ያማረኝ የምደረድርበት ዕቃ ተርፎኝ አይደለም። የነበሩኝ ብርጭቆዎች አራት ናቸው፤ አንደኛው ጠርዙ ተሸርፏል።

ያን ጊዜ ቡና ከጅማ ወደ አዲስ አበባ እንደ ልብ አይወሰድም። ለራሱ ከምትሆን ጥቂት በላይ የያዘ ሰው ሰኮሩ ኬላ ላይ ይወረስበታል። አዲስ አበባ ደግሞ ቡና ጠፍቶ የተገኘው በውድ ይቸበቸባል። ስለዚህ አረገዝኩ። ሰቃ ካሉ ዘመዶቼ ያመጣሁትን ቡና በአቡጀዲ ከረጢት ሰፍቼ፣ ሆዴ ላይ በመቀነት አስሬ፣ ሰፊ ቀሚስ ደረብኩበትና በሰባት ወር ሆድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በሰላም አሳልፈኝ ብዬም እግዚአብሔርን ለመንኩት፤ ድፍረቴ አሁን ያስቀኛል።

ያላሰብኩት የአምሮትን ነገር ነበር። በእኛ አገር ነፍሰ ጡር እያየች ለብቻ አይበላም፤ አምሯት ከቀረ ኃጢአቱ የበላተኛው ነው። ጅማን ሳንርቅ አንዱ ዳቦ፣ አንዷ ብርቱካን፣ ሌላው ቆሎ ያቀብለኝ ጀመር። እምቢ ብል ይጠረጥሩኛል ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁና ሁሉንም በላሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት አንዲት ሙስሊም አሮጊት ነበሩ። ወታደር ልጃቸው ቆስሎ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እሱን ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። የያዙለትን ስንቅ ከጨርቅ ፈትተው ሲያዩ፣ ፍሬው እንዳለ በቅቤ ተጠብሶ የሚበላው ቡና ቀላ ሽታው አወደን። ዓይኔን ጣል አደረግኩበት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንኪ ብይ» አሉኝ።

«ለልጅዎ አይደለም እንዴ እማማ?»

«ላንቺም አለ። ረቢ ይጨምራል።»

እፍኝ ሙሉ ሰጡኝ። በላሁት፤ ደግሞ ሲጣፍጥ።

ሰኮሩ ስንደርስ ሁሉም ውረዱ ተባለ። ፈታሹ ገና ሳልነሳ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ እኔ ጋ መጣና ሆዴን ትኩር ብሎ አየው። ቡናው ከተያዘ ቡፌው ቀረ፤ ከዚያም አልፎ እስር አለ። አሮጊቷ ለመውረድ እየተነሱ «ልጄ፣ ተዋት፤ ደክሟታል» አሉት። ተወኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ ቡና ታቅፎ መቀመጥ ያደክማል።

አዲስ አበባ ስንደርስ ግን የበላሁት ቡና ቀላ አላስቀምጥ አለኝ። የቆሰለ ልጅ ስንቅ ነው የበላሁት። አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ። አሮጊቷን ከአውቶቡሱ ጀርባ ወሰድኳቸውና መቀነቴን መፍታት ጀመርኩ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እርጉዝ አይደለሁም። ቡና ነው። ግማሹን ለልጅዎ ይውሰዱለት።»

እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ጅማ ላይ ስትገቢ አውቄአለሁ» አሉ። «እርጉዝ ወገቧን ትይዛለች። አንቺ ሌባ እንደፈራ ሰው ሆድሽን ነው የያዝሽው።»

«ታዲያ ለምን ሰጡኝ?»

የቀረችውን ቡና ቀላ በጨርቁ መልሰው ቋጠሯት።

«ለልጄ ይቺ ትበቃዋለች» አሉ። «አንቺ ግን ዓይንሽ የእውነት ርቦት ነበር።»