በመቃብራቸው ላይ ያልተነበበው የመምህርት በላይነሽ ታሪክ

መምህርት በላይነሽ ዐረፉ። ሐሙስ ማለዳ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ባለው ቤታቸው ነፍሳቸው ወጣች፤ በማግስቱም ቀበርናቸው። ለወዳጆቻቸው፣ ለተማሪዎቻቸውና አጋሮ መጋዘን ውስጥ አብረዋቸው ለሠሩ እናቶች ሁሉ ይህን መርዶ ስነግር እያዘንኩ ነው፤ ከሐዘኔ ግን ንዴቴ ይበልጣል። ቁጣዬ እስኪበርድ ልቆይና ልጻፍ ብዬ ነበር። አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰበት።

ያናደደኝ ሞታቸው አይደለም። ዕድሜ ጠግበው፣ የሚወዳቸው ሰው ከቧቸው ነው የሞቱት። ያናደደኝ መቃብራቸው አፋፍ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ ነው። ያነበበው የዕድራችን ሊቀመንበር ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ እሱ ራሱን ያውቃል፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። መነጽሩን አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንዲህም አለ፤ «መምህርት በላይነሽ የሲኒማ ጥበብ አፍቃሪ ነበሩ። በዚያ ዘመን እሳቸውና እኔ የጅማን የፊልም ወዳጆች አሰባስበን፣ የዚያችን ዝነኛ የሆሊውድ ተዋናይት ፊልሞች አንድም ሳያመልጠን አብረን እናይ ነበር። በኋላም በጤና ጉድለት ምክንያት በገዛ ፈቃዳቸው ማስተማሩን ለቀቁ።»

በገዛ ፈቃዳቸው! ኧረ ጉድ ነው! አጠገቤ የቆመችው እህቴ ክንዴን አፈፍ አድርጋ ባትይዘኝ ኖሮ እዚያው አፈር ላይ እጮህ ነበር። ሰው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ፤ የማያውቀው አመነ፣ የሚያውቀው ዝም አለ። እንግዲህ እኔ የማውቀውን ልናገር።

መምህርት በላይነሽ ከፍቼ ወደ ጅማ ተመድበው የመጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። እኔንም አስተምረውኛል። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው ወንበር ይሰማል። ካርታ ላይ አንድ አገር ሲያሳዩን በዘንጋቸው ነካ አድርገው አያልፉም፤ «እዚህ ማን ይኖራል? ምን በልቶ ያድራል? ምን ያስፈራዋል?» ይሉናል። ሲኒማም የሚያዩት እንዲሁ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሌላው ሰው ለመዝናናት ሲገባ፣ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሥራ እንዳለበት ሰው ፈጠን ፈጠን ብለው ይገቡ ነበር።

በደርግ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያረጁ የአሜሪካ ፊልሞች ገና ይመጡ ነበር። ልባችንን የወሰደችው ተዋናይት ስሟ ለምላሳችን ስላልተመቸ «ባለቅንድቧ» እንላታለን። አንዱን ቅንድቧን ብቻ ከፍ ስታደርግ አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ አርጅቶ ይቆራረጣል። እኛም የተቆረጠውን በራሳችን ግምት እየሞላን ከሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ሻይ ቤት ተቀምጠን እንጨቃጨቃለን።

የዚያች ጠረጴዛ ደንብ የመምህርት ነበር። «ጥሩ ነበር» ብሎ ዝም ማለት አይቻልም። አንድ ሰው «ወድጄዋለሁ» ካለ፣ መምህርት ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው «የቱ ጋ?» ይሉታል። ጠልቼዋለሁ ቢልም ያው ነው፣ «የቱ ጋ?» አንዴ ባለቅንድቧ ንግሥት ሆና የሠራችበት ፊልም መጣና ሁላችንም በልብሷ ተደንቀን ወጣን። መምህርት ግን ተቆጥተው ነበር። «ዘውድ ሲጭኑባት አንገቷ ደረቀ እኮ! ሦስቱንም ልጆቿን ስትቀብር አንገቷ አልታጠፈም። ይቺ ናት የእኛ ልጅ?» አሉ። እንደ ገዛ እህታቸው ነበር የሚቆጧት።

አባ ፊጣ የሚባሉ ቡና ከአጋሮ የሚያመላልሱ የጭነት መኪና ሹፌርም ከእኛ ጋር ነበሩ። እናታቸው ዐይናቸው ጠፍቶ ነበርና፣ መምህርት ሴትዮዋን አጠገባቸው አስቀምጠው በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛቸው ፊልሙን በጆሮአቸው ያወሩላቸዋል። «አሁን ቅንድቧን አነሳች… አሁን ኮቱን ሰጠችው፣ ግን ፊቱን አላየችም…» ከኋላ ያለው ሰው «እሽሽ!» ሲል መምህርት ዞረው «አንተ ሁለት ዐይን አለህ፣ ምን ጎደለብህ?» ይሉታል።

ለዚህ ሁሉ ነገር መነሻ የሆነው ፊልም እንዲህ ነው። ባሏ ጦር ሜዳ ሄዶ የቀረባት ሴት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ከፍታ ትኖራለች። ከስንት ዓመት በኋላ ሰውየው መጥቶ በሯን ያንኳኳል። ድምፁን አውቃዋለች። ከውስጥ ሆና መቀርቀሪያውን ይዛ ትቆማለች፤ አትከፍትም፣ ከበሩም አትርቅም።

«ወላሂ መክፈት የለባትም!» አሉ አባ ፊጣ፣ ገና ሳንቀመጥ። «የት ከርሞ ነው ዛሬ የሚያንኳኳው?»

«ማሎ፣ እባክዎ አባ ፊጣ፣ ሰውየው እኮ ጦርነት ነው የሄደው» አልኳቸው።

«ታዲያ እዚያ አገር ፖስታ ቤት የለም? ጠልታዋለች፣ አበቃ!»

«የቱ ጋ ነው የጠላችው?» አሉ መምህርት።

አባ ፊጣ አሰቡ። «እጇ ላይ። መቀርቀሪያውን ጭምድድ አድርጋ ይዛዋለች። ልክ እኛ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንቢ ሲለን መሪውን እንደምንይዘው…» ብለው ቆም አሉ። «ዱጋ! እውነት ነው፣ ለካስ ፈርታ ነው። የጠላ ሰው እንዲህ አይዝም።» ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸውም ራሳቸውን በራሳቸው በመርታታቸው አብረው ሳቁ። በመጨረሻ በሩ ተከፍቶ በሙዚቃ የሚተቃቀፉበትን ግን መምህርት አልተቀበሉትም። «መጨረሻውን ሌላ ሰው ነው የሠራው። እሷ እስከ መቀርቀሪያው ድረስ አድርሳዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ውሸት ነው» አሉ።

ዛሬ ሊቀመንበር የሆነውም ያን ቀን እዚያ ነበር። አልዋሸም፣ ያዘወትር ነበር። ታላቅ ወንድሙ ከጦር ሜዳ ሳይመለስ ቀርቶበት ስለነበር፣ በሩ ሲንኳኳ ጀምሮ ሲያለቅስ ነው የወጣው። ሻይ ቤት ውስጥም መናገር አልቻለም። መምህርት በነጠላቸው ጫፍ ፊቱን ጠርገውለት፣ «አንተ ዛሬ ባትናገርም ተናግረሃል» አሉት። ያን ነጠላ አስታውሳለሁ፤ እሱም እንደማይረሳው እርግጠኛ ነኝ።

ጥቂት ወራት አለፉ፤ እሱ የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ጸሐፊ ሆነ። አንድ እሑድ ሁላችንም ቀበሌ አዳራሽ ተጠራን። ማን እንደጠቆመ አላውቅም፤ በማላውቀው አልምልም። ከመድረኩ ላይ ከበላይ አካል የተላከ አንድ ወጣት ካድሬ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ጸሐፊያችን አለ።

«ጓድ በላይነሽ!» አለ ካድሬው። «የኢምፔሪያሊስቶችን ፊልም እያሞገስሽ የወጣቱን አእምሮ እንደምትበክዪ ተደርሶበታል። ተነሺና ግለ ሂስ አድርጊ።» አንቺ አላቸው፣ አስተማሪዋን ሴትዮ።

መምህርት ተነሡ። «የቱ ጋ ነው የሚበክለው?» አሉ።

«ምን አልሽ?»

«የትኛው ፊልም፣ የቱ ቦታ ላይ? እኔም የምቃወመው አለ፤ አንዱን መጨረሻው ውሸት ነው ብዬዋለሁ። የንግሥቲቱንም አልወደድኩትም። እርስዎ ያዩት የትኛውን ነው?» እውነተኛ ጥያቄ ነበር የጠየቁት። ሊያዋርዱት አልነበረም፤ ቢያየው ኖሮ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብለው ይከራከሩት ነበር።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ጉዳቸውን ያፈላው ያ ሳቅ ይመስለኛል። ካድሬው አንዱንም አላየም ነበርና ፊቱ በርበሬ መሰለ። «ያን መጨረሻው ውሸት ነው የምትለውን ፊልም ከዚህች ሴት ጋር ያየ ይነሳ!» ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ። አባ ፊጣ በዚያ ቀን መንገድ ላይ ነበሩ። እኔ ተነሳሁ። «በውስጡ መጥፎ ነገር የለም» ከማለቴ «ቁጭ በይ! የተበከልሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ከዚያ ወደ ጎኑ ዞሮ ጸሐፊውን «አንተስ አይተኸዋል?» አለው።

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅበት። አይቼዋለሁ፣ ምንም የለበትም፣ ባሏን የምትጠብቅ ሴት ታሪክ ነው ቢል ነገሩ ሊበርድ ይችል ነበር። እሱ ግን «አላየሁም ጓድ። ከነዚህ ሰዎች ጋር ተቀምጬም አላውቅም» አለ።

የምናውቅ ሁሉ ወደ መምህርት አየን። እሳቸው እሱን ትንሽ ተመለከቱትና ወደ ካድሬው ዞረው «እውነቱን ነው። እሱ አልነበረም» አሉ። በሕይወቴ መምህርት በላይነሽ ሲዋሹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከአዳራሹ በቀጥታ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ወሰዷቸው። ሲለቋቸውም ማስተማር ተከልክለው ወደ አጋሮ ቡና መጋዘን ተላኩ። ጤናቸው ምንም አልጎደለም ነበር፤ ይህንን ያን ጊዜ ስንቅ ያመላለስን ሁሉ እናውቃለን። በጨለማ ተደብቆ አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ ነው ያ ሁሉ የተደረገው፤ ታዲያ ዛሬ እንዴት አፉን ሞልቶ «በገዛ ፈቃዳቸው» ይላል?

አባ ፊጣ አንድ ቀን በጭነት መኪናቸው አጋሮ ወሰዱኝ። ሴቶች መሬት ላይ ተደርድረው ጥቁሩን የቡና ፍሬ ከደህናው እየለዩ ነበር። መምህርትም መሐላቸው ተቀምጠው፣ እጃቸው ሳያቋርጥ፣ የባለቅንድቧን ፊልም ያወሩላቸዋል። ኦሮምኛቸው ሲሳሳት ሴቶቹ እየሳቁ ያርሟቸዋል። መቀርቀሪያው ጋ ሲደርሱ ሁሉም እጅ ቆመ። «እህ፣ ትክፈት ወይስ አትክፈት?» አሏቸው መምህርት።

እትዬ ዘይነባ የሚባሉ፣ ልጃቸው ለውትድርና ተወስዶ የት እንደደረሰ ያልታወቀ ሴት ቀና አሉ። «እኔ ብሆን መቀርቀሪያውን ጭራሽ ከበሩ ነቅዬ እጥለዋለሁ» አሉ። መምህርት «ሻይ ቤት ውስጥ ያን ሁሉ ጊዜ ስንከራከር ይህን ያለ ሰው አልነበረም» አሉና እጃቸውን ሳሟቸው።

ስመለስ እስከ መኪናው ሸኙኝ። «ለምን ዋሹለት?» አልኳቸው።

«ለማስፈራሪያ የፈለጉት አንድ ሰው ነው» አሉኝ። «አንድ አገኙ። ሁለተኛውን ለምን እጨምርላቸዋለሁ? ለዚያች እናቱ የቀራት እሱ ብቻ ነው።»

«እሱ ግን እርስዎን ሰጣቸው!»

«ፈርቶ ነው። አንድ ቀን ይመጣል» አሉኝ።

ደርግ ወደቀ፤ እሱ አልመጣም። መምህርት ወደ ጅማ ተመለሱ፤ ወደ ማስተማር ልመለስ ቢሉ ጊዜዎ አልፏል ተባሉ። ቤታቸው ውስጥ የጎረቤት ልጆችን እያስጠኑ ኖሩ። እሱ ደግሞ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ባርኔጣውን አንስቶ ያልፋል። ባርኔጣ! ይቅርታ የምታክል አጭር ቃል ከአፉ ጠፍታ ባርኔጣ ያነሳል! አንድም ቀን ደጃፋቸውን አልረገጠም፤ ሲታመሙም አልመጣም። ሲሞቱ ግን ወረቀት ይዞ ከሁሉም ቀድሞ መቃብር ላይ ተገኘ። ፊልም ማየት በሚያስቀጣበት ቀን «አላየሁም» ያለ ሰው፣ በሚያስከብርበት ቀን «አብረን ነበርን» አለ። እኔ እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም።

መምህርት፣ አሁን ለእርስዎ ልናገር። እውነቱን ከተነጋገርን በእርስዎም ተናድጃለሁ። ያን ቀን ለእሱ ብለው የተናገሩት ቃል ምስክር አሳጥቶ እርስዎን ከጥቁር ሰሌዳ አንስቶ መጋዘን ጣለ፤ እሱን ግን ያለ ኀፍረት አኖረው። ጥፋቱን ሸፍነው ሰጡት፣ እሱም ሸፍኖ ያዘው። እስከ መጨረሻው ይመጣል እያሉ ጠበቁት፤ እኔም እርስዎ እያሉ አፌን አልከፍትም ብዬ ዝም አልኩ።

ከእንግዲህ ግን ዝም አልልም። በአርባዎ ዕለት ዕድርተኛው ሲሰበሰብ ይህን ጽሑፍ ቆሜ አነባለሁ። እሱ ሊቀመንበር ስለሆነ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ዐይኑን እያየሁ «ነበርክ፤ አይተሃል፤ አልቅሰሃል» እለዋለሁ። ተይው፣ ማሪው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሊምሩት የሚችሉት እርስዎ ነበሩ፤ እሱም ያን ሁሉ ዓመት ምሕረት ሳይጠይቅዎ ቀረ። ደህና ይሁኑ፣ መምህርቴ፤ አፈሩ ይቅለልዎ። ከእንግዲህ ለእሱ ብለው መዋሸት የለብዎትም።