ዘይት የጠጣ ፍሬን

ዛሬ ጠዋት ሰመራ ላይ የሞተሬ ፍሬን ሲያፏጭ፣ እጄ ሳያማክረኝ የዘይቱን ጣሳ አነሳ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫዬን መትቶ የድሮውን ባያስታውሰኝ ኖሮ፣ ከነሽበቴ ያንኑ ጅልነት ልደግመው ነበር።

ያን ጅልነት የሠራሁት አዋሽ ላይ ወጣት ጸሐፊ ሳለሁ ነው። ሞተሬ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ስለሚጮህ ቆነጃጅት ፊት አፈርኩና የሁለቱንም ጎማ የፍሬን ሸራ ዘይት አጠጣሁት። ዝም አለ። እኔም ኮራሁ! በዚያው ኩራቴ ጎረቤቴን ሐጂ ዓሊን አዋሽ አርባ ላደርሳቸው ከኋላዬ አፈናጠጥኳቸው።

ወደ አዋሽ ወንዝ ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያዝኩ። ሞተሩ ጭራሽ ፍጥነቱ ባሰበት። ከፊታችን ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ተሳቢ ያዘግማል፤ ከጎናችን ገደል ነው።

"ያዝ እንጂ፣ አንተ ልጅ!" አሉ ሐጂ።

"ይዣለሁ! እሱ ነው እምቢ ያለው!"

"ያ አላህ!" ብለው ሁለት እግራቸውን አስፋልቱ ላይ ተከሉ። የነጠላ ጫማቸው ጎማ ጨሰ፤ ዘይት የጠጣው ሸራም ተቃጥሎ ሸተተ። ከተሳቢው አንድ ክንድ ሲቀረን ቆምን።

የዘይቱን ነገር ተናዘዝኩ። ሐጂ ትክ ብለው አዩኝ።

"ሸራው ሲጮህ 'አልቄያለሁ፣ ቀይረኝ' እያለህ ነበር። አንተ አፉን ዘጋህበት።"

"ጫማውን እገዛልዎታለሁ፣ ሐጂ።"

"መጀመሪያ ሸራውን ቀይር። እኔ እግር አለኝ" ብለው በተበላው ጫማ እያነከሱ ወደ አዋሽ አርባ መንገድ ጀመሩ።

ሸራውን በማግስቱ ቀየርኩ። ዛሬም ጣሳውን አስቀምጬ ሸራ ልገዛ ወጣሁ፤ ሱቁ በር ላይ ነጠላ ጫማ ተደርድሯል። የሐጂን የጫማ ቁጥር እንኳ ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ የዚያ አንድ ጥንድ ጫማ ዕዳ እስከ ዛሬ አለብኝ።