ሒክማ አልሸጥም ያለች ዕለት

ቃሊቲ ውስጥ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሞልቷል። ገዢ ገንዘቡን ይዞ ፊቷ ቆሞ «አልሸጥም» የምትል ባለሱቅ ግን ከሒክማ ሌላ አላየሁም። እኔ ያደታ እባላለሁ፤ ጎሚስታ ነኝ። ከሱቋ ጎን ጎማ ስጠግን አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

ሒክማ ከስልጤ የመጣችው በአሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አጎቷ ጋሽ ኑሪ አምጥተው ከባንኮኒው ኋላ አቆሟት። ስለ መኪና ያስተማሯት ነገር የለም። «ሻጭ ዕቃ ያቀብላል እንጂ አስተያየት አይሰጥም» ነበር የሚሏት። እሷ ግን ትሰማለች። ሾፌሮች መኪናቸው ሥር የሚሰሙትን ድምፅ በአፋቸው እየሠሩ ይመጣሉ። አንዱ «ገጭ ገጭ ይላል» ይላታል፤ ሌላው «አንዴ ቋ ይልና ዝም» ይላል። እሷም ትጠይቃለች፦ ጉድጓድ ላይ ነው? መሪ ስትጠመዝዝ ነው? ፍሬን ስትይዝ ነው? ያው ሰው ሌላ ቀን ሲመለስ ደግሞ «ምን ሆኖ ተገኘ?» ትለዋለች። እንዲህ እያለች ሃያ ስድስት ዓመት ስትሰማ የኖረች ሴት ናት። ጋሽ ኑሪ ሲያርፉ ሱቁ ለእሷ ቀረ።

አሁን ወደ ገብረጻድቅ ልምጣ። የግንባታ ተቋራጭ ነው፤ ሆዱ ከመሪው ጋር ይታገላል። መስክ ረግጦ የማያውቅ ጥቁር የመስክ መኪና አለው። መካኒኩ ሰይፈሥላሴ ይባላል፤ ከሳሪስ አቦ ወረድ ብሎ ጋራዥ ከፍቷል፤ ራሱን «ኢንጂነር» ብሎ ይጠራል። ነጭ ጋዋን ይለብሳል። ዘይት ጠብ ብሎበት የማያውቅ ጋዋን! የመኪና በሽታ የሚያገኘው ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

የገብረጻድቅ መኪና ከሥሯ መንኳኳት ስትጀምር ኢንጂነሩ ዓይኑን ጨፈነና «ሾክ ነው» አለ። ሾክ፣ ንዝረት አብራጁ፣ ተገዛ፤ መኪናዋ መንኳኳቷን አልተወችም። «ቴስቲና ነው» አለ፤ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዕቃም ተገዛ። ቀጥሎ የፊት ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ከነላስቲካቸው ተቀየሩ። ሒክማ ሦስቱንም ጊዜ ኢንጂነሩ የጻፈውን ወረቀት ተቀብላ ዕቃውን አቀበለች። በአራተኛው ወረቀት ላይ የመሪው ሳጥን በሙሉ ተጽፎ መጣ።

«አልሸጥልዎትም፣ ጋሽ ገብረጻድቅ» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«መጀመሪያ ምን ነበር የሚለው?»

«አንቺ ዕቃውን አምጪ። ኢንጂነሩ አይቶታል።»

«ሥሩ ገብቶ ነው ያየው?»

ገብረጻድቅ ሳቀባት። «ሴትዮ፣ ነገ ልጆቼን ይዤ አዳማ እወርዳለሁ። ከአንቺ ጋር ስጫወት አልውልም።»

«ልጆች ካሉበትማ ዛሬውኑ እንስማው» አለችና ሱቋን ቆለፈች። እኔንም ጠራችኝ።

ገብረጻድቅ፣ ዕቃው ተቆልፎበት፣ እያጉረመረመ በመኪናው ይዞን ወጣ። በማረሚያ ቤቱ በኩል፣ ጠያቂዎች ስንቅ በሚገዙባቸው ሱቆች አጠገብ፣ መንገዱ ላይ ተከታታይ ጉብታ አለ። ሒክማ ሬዲዮውን ዘጋች፤ ሰውዬው ይህን እንደ ስድብ ቆጠረው። ጉብታውን ስንወጣ ምንም የለም። መሪውን ግራና ቀኝ ቢያዞር ምንም የለም። «ፍሬን ይያዙ» አለችው። ገጭ! አንዴ ብቻ። «ወደ ኋላ ይሂዱና ይያዙ።» ገጭ!

«ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር?»

«የለም» አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እያሰበ። «ያኔ ትንንሽ ጉድጓድ ላይ ቀጭ ቀጭ ነበር የሚለው።»

«የድሮው ድምፅ ክንዱ ሲቀየር ድኗል። ይሄኛውን የሰጠዎት ጋራዡ ነው።»

ተመልሰን መኪናዋን በክሪክ አነሳኋት፤ እንዳትወርድ ታኮ አደረግሁላት። ሒክማ ሻሿን ወደ ኋላ ቋጠረች፤ ካርቶኔን አንጥፋ ሥር ገባች። ገብረጻድቅ በሚያብረቀርቅ ጫማው ቆሞ «ደግሞ ይሄ ምን ቲያትር ነው?» ይላል። እሷ «ባትሪ አቀብለኝ» አለችኝና አብርታ አየች። ቀጥላ ጠራችው።

«ጎንበስ ይበሉ፣ ጋሽ ገብረጻድቅ።»

ሆዱ አላስጎነበሰው አለ። በመጨረሻ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ሱሪው ዘይት ያጠቆረው አፈር ላይ ነው። ሒክማ ክንዱን የያዘውን የቡሎን ዳዶ አሳየችው። እኔ በረጅም ቁልፍ ሙሉ ክብደቴን ጥዬ የማጠብቀውን ዳዶ በሁለት ጣቷ አዞረችው።

«ይሄ ቢወልቅስ?» አለ።

«ጎማው ወደ ጎን ይተኛል።»

ስንት ሰው አሽከርካሪ ነኝ እያለ ይነዳል! ገብረጻድቅ ልጆቹን የሚጭንበት መኪና ሥር ምን እንዳለ ለማየት ጉልበቱ አፈር የነካው ያን ቀን ነው።

ሰይፈሥላሴ ተጠርቶ መጣ፤ ከነጋዋኑ። ዳዶውን ከሩቅ አየና «መንገዱ ነው ያላላው» አለ።

«መንገዱ ቁልፍ ይዞ ሥር ገባ?» አለችው ሒክማ።

«አንቺ ሱቅሽን ጠብቂ።»

«አንተ ዳዶውን ብታጠብቅ ኖሮ፣ እኔም ሱቄን በጠበቅሁ።»

ኢንጂነሩ «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ሄደ። የጋራዥ ስብሰባ! እሱ ያላየው የግራው ክንድ ዳዶም ላልቶ ኖሯል። ሒክማ ሁለት አዲስ ዳዶ አመጣች፤ እኔ አጠበቅሁ። እንደገና ወጥተን ገብረጻድቅ ፍሬን ቢይዝ ድምፅ የለም።

ማታ ስንዘጋ ሒክማ ፊቷ አልፈካም። «ምን ሆንሽ?» አልኋት።

«ሦስቴ ሸጥሁለት እኮ። ሾኩን ስሰጠው ኢንጂነሩ ሥር ገብቶ እንዳላየ አውቅ ነበር። ቴስቲናውንም። ልጆቹ ቢሞቱስ? እኔም ከዚያ ባለጋዋን የምሻለው በምን ነው?»

ገብረጻድቅ አዳማ ደርሶ በሰላም ተመለሰ። በሳምንቱ ጭማቂ ቤት ተቀምጦ፣ ድምፁን ራሱ እንዳገኘው ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰማሁት። እጁን ዘርግቶ ዳዶውን በሁለት ጣት እንዴት እንዳዞረ ያሳያቸዋል፤ እነሱም አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። ሰይፈሥላሴ ደግሞ ሰሌዳውን አስቀይሮ «ዋና ኢንጂነር» አስብሏል።

ሒክማ ሰማያዊ ቱታ ገዛች። ሮብና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሱቋን ዘግታ መኪና ሥር ካርቶኔ ላይ ትተኛለች። ባለመኪኖቹ ከጎን ቆመው ሊያስረዷት ሲሞክሩ፣ ከሥር ሆና «ዝም ይበሉ፣ ልስማበት» ትላቸዋለች።