መፍጃ የሚባለው ሜዳ

ያ ነገር አንድ የበርበሬ መጋዘንና የአሥር ዓመት ወዳጅ አስከፍሎኛል። ከመጋዘኑ እንኳ ቆርቆሮው ተርፏል።

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ተሻግሬ በርበሬ እነግድ ነበር። ዝናብ የማይነካው ማከማቻ አጥቼ ስንከራተት፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነው ወዳጄ በቡኢ መንገድ ዳር ያለውን ሜዳውን ሸጠልኝ። ደልዳላ ነው፣ ርካሽ ነው። ርካሽ ነገር ለምን እንደረከሰ ሳልጠይቅ ገዝቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ሻጩ ከአንድ ትሪ አብሮኝ የሚበላ ሰው ነበርና መጠየቅ አሳፈረኝ።

ያለኝን ሁሉ አፍስሼ መጋዘኑን አቆምኩ። የዚያ ዓመት በርበሬ ካመለጠኝ ንግዴ አለቀለት። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ገበሬዎቹ አህዮቻቸውን እስከ ሜዳው ጠርዝ ነድተው ቀጥ አሉ።

«ግቡ እንጂ! አህዮቹ ፈሩ እንዴ?»

«አህያማ ምን ታውቃለች» አለኝ አንዱ፤ ጭነቱን ይዞ ወደ ሌላ ነጋዴ ሄደ። ሌሎቹም ተከተሉት።

አንድ ሽማግሌ ብቻ ወደኋላ ቀሩ። «በጣሊያን ጊዜ ሰው በጅምላ የተረሸነበት ነው፤ አላህ ይዘንላቸው። መፍጃ ነው የምንለው።»

«አባባ፣ ሰው ያልሞተበት መሬት የት አለ?»

«አንድ ሰው የወደቀበትንማ ‹እገሌ የወደቀበት› እንላለን፤ ድንጋይ አቁመን ዞረን እናልፋለን። መፍጃ የምንለው ማን የት እንደወደቀ የማይታወቅበትን ነው። ታዲያ ጭነቴን ማን ላይ ላውርደው ልጄ?» አህያቸውን ወደ መጡበት እያዞሩ «የሸጠልህ ሰው አባትም እዚያው ናቸው» አሉኝ።

ቀጥ ብዬ ወዳጄ ቤት ሄድኩ። «ለምን ደበቅከኝ?»

«የወልቂጤ ሰው ነህ፤ ስሙን ካላወቅከው አይከብድህም ብዬ ነው።»

«አባትህስ?»

ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «የት ጋ እንዳለ ባውቅ ያቺን ቦታ ብቻ ቆርጬ አስቀር ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም። የበርበሬው ወር አለፈ፤ መጋዘኑን አፈረስኩ።

በዓመቱ አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ መጥቶ ሜዳውን ወደደው። በዋጋ ተስማማን፤ ውል ሊጻፍ ምስክር ተጠራ። ሰውዬው ስለ ቦታው ምንም አልጠየቀኝም።

እኔው ነገርኩት። መሬቱ አልተሸጠም።